እህል የነካው ወረቀት

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ግን ሥራ ልታዘኝ ስትፈልግ “አሥር ሞልቶሻል” ትለኝ ነበር። እንዲሁ አሥር ሞልቶኝ ነው እንግዲህ ከጀውሃ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ አባቴ ታላቅ እህት ወደ እትዬ ዘይነባ ቤት የተላክሁት። ለሰው የተነገረው የሮቢት ትምህርት ቤት ይሻላል ተብሎ ነው። እትዬ ዘይነባ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነበረች፤ የሚረዳት እጅ ትፈልግ ነበር። ጠዋት የእሷ እጅ ሆንኩ፣ ከሰዓት ተማሪ።

ሰሞኑን ይህን ያስታወሰኝ ግማሽ ኪሎ ስኳር ነው። ፌስታል ይቀራል ከተባለ ወዲህ አንዳንድ ባለሱቅ በወረቀት መሸጥ ጀምሯል። ቡናማውን ከረጢት ይዤ ቤት ገባሁና ስኳሩን ከመገልበጤ በፊት ወረቀቱን አሸተትኩት። ዝናብ ነክቶት እንደገና የደረቀ እንጨት ይሸታል። ልጄ “እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?” አለችኝ። ምንም አልሆንኩም፤ እትዬ ግቢ ደርሼ መመለሴ ነው።

እትዬ ከሲሚንቶ ከረጢት የስኳር ከረጢት ትሠራ ነበር። ያን ዓመት ከተማዋ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ትገነባ ስለነበር ሲሚንቶ የሚፈታበት ቦታ አይጠፋም። የእኔ ሥራ ግንበኞቹ ባዶውን ከረጢት ሳይቀዱት መድረስ ነው። ከደረቱ ላይ ቀደው ቆብ ያጥፉበታል፣ ምሳ ሲበሉ ይቀመጡበታል። ቆቡ መንግሥት የሚሰጣቸው የደንብ ልብስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ቆቡን አውልቆ ተናፈጠበትና ወረወረው፤ ይታሰራል ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

የከረጢቱ አፍ በማሽን የተሰፋ ነው። ክሩን ከትክክለኛው ጫፍ ይዘው ሳብ ካደረጉት ጥርርርር ብሎ እስከ ዳር ይተረተራል። ከተሳሳተው ጫፍ ከያዙት ግን ይቋጠርና ቢላ ይጠይቃል። እኔ ከጥቂት ቀን በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ጫፉን በጣቴ አገኘው ነበር። ክሩ አይጣልም፤ ተጠቅልሎ ለሽንኩርት ነጋዴዎች የማዳበሪያ ጆንያ አፍ መስፊያ ይሆናል። ከዚያ ከረጢቱ ገመድ ላይ ተሰቅሎ በዱላ ይመታል። እትዬ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ትመታለች፣ አቧራው ቅንድቧንና ሽፋሽፍቷን ያሸብተዋል። በየጠዋቱ የምታረጅና ውዱእ ስታደርግ ተመልሳ ወጣት የምትሆን ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ውሃው ቢያልቅ ምን ትሆናለች ብዬ ተጨንቄ አውቃለሁ።

የሲሚንቶ ከረጢት አንድ ወረቀት አይደለም፤ እንደ ሽንኩርት ልብስ በልብስ ነው። የውጭኛው መሬትና የተሸካሚ ጀርባ ነክቶታል፣ የውስጠኛው ሲሚንቶ ነክቶታል። እነዚህ ሁለቱ ለምስማር፣ ለከሰል፣ ለጭቃ ግድግዳ ልባስ ይሄዳሉ። መካከለኞቹን ግን ምንም አልነካቸውም። ለሚበላ ነገር የሚሆኑት እነሱ ብቻ ነበሩ። እትዬ ከዚህ ሌላ ሕግ አልነበራትም። የሚበላ ነገር የሚገባበት ወረቀት ሲመጣልሽ መጀመሪያ ምን ነካው ብለሽ ጠይቂ ትለኝ ነበር።

መካከለኛው ወረቀት ይቆረጣል፣ በጣውላ ላይ ይጠቀለላል። ጣውላው በየልኩ ነው፤ የሩብ ኪሎ አለ፣ የግማሽ አለ፣ የኪሎ አለ። መደራረቢያው የዱቄት ሙጫ ይቀባል፣ የታችኛው ጫፍ እንደ ሕፃን ሽርጥ ታጥፎ ይጣበቃል፣ በማንኪያ ጀርባ ይዳመጣል፣ ከዚያ ጣውላው ከውስጡ ይመዘዛል። ሙጫው ውስጥ እትዬ ከግቢው አጥር የቆረጠችውን እሬት ጠብ ታደርግበታለች፤ አለዚያ አይጥ ስፌቱን ይበላዋል። አይጥ የናቀውን ነገር ልቅመሰው ብዬ አንድ ጊዜ ጣቴን ላስኩ። እስከ ማታ ምላሴን በሻርፕ ስጠርግ ዋልኩ።

ቁርጥራጩም አይጣልም ነበር። በርሜል ውስጥ ይነከርና ሲሟሟ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ከአብሽ ጋር ይለወሳል፣ በተደፋ ሳህን ጀርባ ላይ ተለጥፎ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ለእህል መስፈሪያ የሚሆን ጎድጓዳ ዕቃ ይወጣዋል። ወረቀት ሲፈጠርም እንዲሁ ነው አለችኝ እትዬ፤ ግንድ ተፈጭቶ፣ ተቀቅሎ፣ እንደ ገንፎ ቀጥኖ፣ ተዳምጦ ነው። ከማን እንደሰማችው አላውቅም፣ ግን ልክ ነበረች። እኔ ግን እያንዳንዱ ከረጢት የአንድ ዛፍ ልጅ ነው ብዬ ስላመንኩ የማንጎ ዛፍ ልጅ የሆነውን ለመለየት ሁሉንም አሸት ነበር። በተነከረ ቁጥር ጭራው፣ ቃጫው ማለቷ ነው፣ ያጥራል፣ አለች ደግሞ፤ ሦስት አራቴ ከተነከረ በኋላ እርስ በርሱ መያያዝ ያቅተዋል፣ ያን ጊዜ ለአፈር ነው። በርሜሉን እያማሰልኩ የወረቀቱን ጭራ ፈልጌ አጣሁት።

እንግዲህ እትዬ የምትኖረው በዚህ ነበር። ሰው ሁሉ ግን ወደ ፌስታል እየዞረ ነበር። ከከተማ ወጣ ሲሉ ባሉት ግራሮች ላይ ነፋስ የሰቀላቸው ጥቁር ፌስታሎች ከሩቅ ቁራ ይመስሉኝ ነበር፤ ድንጋይ ብወረውርባቸውም አይነሱም። ባለሱቆቹ አንድ በአንድ ከእትዬ መቀበል አቆሙ። የቀሯት ዋናው ደንበኛ ሐጅ ኑሩ ነበሩ፤ በዋናው መንገድ ዳር ትልቅ ሱቅ አላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ እስር ፌስታል ሰቅለው አየን። እትዬ አይታ እንዳላየች ሆነች። መንገድ ላይ ግን እጄን ለቃ ቀድማኝ ሄደች።

ያን ዓመት ረመዳን ኅዳር ላይ ዋለ። ሐጁ ጾሙ ሊገባ ሲል እትዬን አስጠሩና ለተምሩ ወረቀት እፈልጋለሁ አሏት። ተምር ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ ይጨማለቃል። ወረቀት ግን ያስተነፍሰዋል። ሥራሽን ሰው ካመሰገነው ዓመቱን ሙሉ ከአንቺ እወስዳለሁ አሏት። እትዬ አልሐምዱሊላህ ብላ ወጣች፤ ስትራመድ ጫማዋ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር።

ለረመዳኑ ተምር የተለየ ወረቀት ፈለገች። የተገኘው ከዘር መጋዘን ነው። በመስኖ ለሚዘራ በቆሎ የመጣ የተሻሻለ ዘር ለገበሬው ሲታደል የተራገፈ ባዶ ከረጢት ነበር፤ ጥበቃው ጥግ ላይ የተከመረውን ውሰጂ አላት። ወፍራም ነው፣ ሁለት ልብስ ብቻ ነው፣ የውስጠኛው ገጽ ደግሞ ሮዝ ነው። ማሻ አላህ፣ አለች እትዬ ብርሃን ላይ ዘርግታ። እኔም እንዲህ ያማረ ወረቀት አይቼ አላውቅም ነበር። ጽሑፉ የፈረንጅ ስለነበር ሁለታችንም አላነበብነውም። ጥጉ ላይ ግን ሥዕል ነበረበት፤ ቧንቧ ሥር የተዘረጉ ሁለት እጆች።

እትዬ በጣቷ ነካ አደረገችው። “እጅ መታጠብ ነው” አለች። “ለሚበላ ነገር ነው እንግዲህ። ሰው ሳይታጠብ ይበላል?”

ከዚያ ሕጓን አሰላች። በሲሚንቶ ከረጢት የውስጠኛው ልብስ ሲሚንቶ ስለነካው ይጣላል። የዚህን የውስጠኛውን ግን የነካው እህል ነው። እህል ከነካው ወረቀት የሚበልጥ ንጹሕ ምን አለ? የውጭኛውን ለምስማር አስቀምጣ የውስጠኛውን ለተምሩ አደረገችው፣ ሮዙንም ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ሲከፈት እንዲያምር። እጃችን እስከ አንጓው ሮዝ ሆነ። ሂና የተቀባን መስሎኝ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አሳየሁ። ቀኑብኝ።

ከረጢቶቹ ሐጁ ሱቅ የገቡት በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት ነው። አባቴ ሁሴንም ያን ቀን ለገበያ ከጀውሃ መጥቶ ነበርና እኛ ጋ ጎራ አለ። እትዬ ከሐጁ ሱቅ በመጀመሪያው ከረጢት ተምር አስመዝና፣ ለልጆቹ ብላ በእጁ ሰጠችው። አባቴ ከረጢቱን አገላብጦ አየና፣ በዚህስ ሙሽራ ይላክበታል አለ። እትዬ ሳቀች። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ነው ጋሼ ተክሌ የመጡት። ጋሼ ተክሌ ከቀወት ገጠር የሆኑ ክርስቲያን ገበሬ ናቸው፤ ከእኛ ሠፈር ካለ አንድ ሰው ጋር በእኩል ያርሳሉ። በየረመዳኑ ለዚያ ሰው ቤት ማፍጠሪያ ተምር ይዘው መሄድ ልማዳቸው ነበር። ከሐጁ ገዝተው ሲሄዱ ከረጢቱ ላይ ሮዝ አሻራ አዩ። ጠዋት ዘር ሲዘሩ አርፍደው ስለነበር የራሴ እጅ ነው ያቆሸሸው ብለው ሊጠርጉት ሞከሩ። አልለቅ ሲላቸው አፉን ከፈት አድርገው አዩ። ከዚያ ሐጁ ዘንድ ተመልሰው ነገሯቸውና ቀጥታ ወደ እኛ ግቢ መጡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በር ላይ ቆሙ፤ መዳፋቸው በሳሙና ታጥቦም እንደ እኔ መዳፍ ሮዝ ነበር።

“ዘይነባ፣ ይሄን ወረቀት ከየት አመጣሽው?”

“ከዘር መጋዘኑ ነው ጋሼ። ግቡ እንጂ። እህል የነካው ነው፣ ንጹሕ ነው።”

“ዘር እህል አይደለም” አሉ ጋሼ ተክሌ። “ነቀዝ እንዳይበላው መድኃኒት ቀብተው ነው የሚልኩት። አምና ዶሮዎቼ ከማሳ ለቅመው አንዲት አልተረፈችኝም። ዘርተን ስንጨርስ በሳሙና ሳንታጠብ ትንባሆ እንኳ አንነካም።”

እትዬ ቁጭ አለች። የተቀመጠችው የሙጫው ሳህን ላይ ነበር፤ አልተሰማትም።

ጋሼ ተክሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለሐጁ ነግሬያቸዋለሁ፣ መሸጡን አቁመዋል አሏት። ያንቺን ስም ማንም አያነሳም፤ ተምሩ ተበላሽቶ ነው ይባላል፤ ጥቂት ዱቄት ነው፣ ምናልባት ማንንም አይጎዳም አሉ። የሚያጽናኗት እንጂ የሚዋሹ አልነበሩም።

“የተሸጠውስ?” አለች እትዬ።

“የገበያ ቀን ነው። ማን እንደገዛ ማን ያውቃል?”

“ሐጁ ያውቃሉ” አለችና ተነሳች።

ሐጁ አወቁ። የገዙት ከአሥር የማይበልጡ ናቸው፣ ሁሉም ጎረቤት። ጣታቸውን እያጠፉ የገዢዎቹን ስም ነገሩን። ጾም ስለሆነ የተገዛው ሁሉ መግሪብ ድረስ አይነካም፤ ያለን ጊዜ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው። እኔ እጇን ይዤ ከኋላ እሮጥ ነበር። በየበሩ አሰላሙ አለይኩም ትላለች፣ ከዚያ ያንኑ ነገር ትናገራለች፤ ወረቀቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ መድኃኒት አለበት፣ ተምሩን መልሱልኝ። አንዷ ሴት፣ ጾሙ ራሷ ላይ ወጣባት እንዴ ይህች ሴትዮ አለች ለባሏ፣ እኛ እየሰማን። ሌላዋ ተምሩን ከነሳህኑ አምጥታ ሰጠችንና በሩን ዘጋች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ እኔ ሰማንያ ዓመት ስንት ነገር በላሁ፣ ይሄ ነው የሚገድለኝ ብለው አልሰጥም አሉ። እትዬ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አለች። ካልሰጡኝ አልነሳም አለቻቸው። ሰጧት።

የተሰበሰበውን በማዳበሪያ ይዘን ስንመለስ ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላ ነበር። ሐጁ የቆጠሩት ሁሉ ተገኝቷል። እትዬ ግን መንገዱ መካከል ቀጥ ብላ ቆመች።

“ሁሴን” አለች።

ሐጁ የቆጠሩት የሸጡትን ነው። አባቴ የያዘውን የገዛችው እሷው ራሷ ስለሆነች ማንም አልቆጠረውም።

ስልክ ያላቸው ቤቶች አንድ ሁለት ነበሩ፣ ጀውሃ ቤታችን ግን ስልክ አልነበረም። ወደ ደሴ የሚሄድ ሽንኩርት የጫነ መኪና አስቁማ ወጣን። ፀሐይዋ በግራችን እየሄደች ነበር። እሷም ወደ ጀውሃ የምትሄድ፣ ቀድማን ለመግባት የምትሽቀዳደም መሰለኝ። ሾፌሩ ለማውራት ሞከረ፤ እትዬ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። እኔ የማስበው እናቴን አልነበረም፤ እንዲህ በድንገት ቤት መመለሴ ትምህርት ቤት ያስቀረኝ እንደሁ ነበር። ልጅ እንዲህ ነው።

ቤት ስንደርስ አዛን አላለም ነበር። እናቴ ምንጣፍ ዘርግታ፣ ውሃውን ቀድታ፣ ተምሩን በሳህን አድርጋ መካከል ላይ አስቀምጣለች። ከረጢቱን እንኳ ለውበት ብላ ተርትራ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች፣ ሮዙ ወደ ውጭ። እትዬ ጫማዋን ሳታወልቅ ምንጣፉን ረግጣ ገባችና ሳህኑን አነሳች።

“እትዬ?” አለ አባቴ። “ሰላም እንኳ ሳትይን?”

“ይሄን የበላ አለ?”

ጾመኛ እንዴት ይበላል። ታናሽ ወንድሜ አሊ ግን ገና አይጾምም ነበር። ከበሩ ጀርባ ወጥቶ አንድ ፍሬ ብቻ ነው አለ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ነው አለ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ንግግሩን ሳይጨርስ እዚያው አስታወከ።

እትዬ ወረቀቱን ከግድግዳው ገንጥላ፣ አሊን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች። አዛኑ የተባለው መንገድ ላይ ነው፤ አባቴ እየተከተላት ውሃ ቅመሺ ቢላት አልሰማችውም። ጤና ረዳቱ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ምን እንደሆነ አወቀ። አሊን አስተኛው፤ ወረቀቱን ይዛችሁ መምጣታችሁ በጀ አላቸው። እትዬ እግሩን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ሲነጋ አሊ ርቦኛል አለ። እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ቤት ስንመለስ አባቴ እትዬን ሊያናግራት ፈልጎ ብዙ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁን በማትረፏ አላህ ይስጥሽ አላት። ከዚያ፣ ያን ሁሉ በር እየዞርሽ እኔ ነኝ ማለትሽ ግን ምን ይጠቅምሻል አላት። ከእንግዲህ ከእጅሽ ወረቀት የሚቀበል ሰው የለም፤ ዝም ብለሽ ብትሰበስቢው ምን ነበረበት?

“ዝም ብዬ ምን ብዬ ልሰብስበው?” አለች እትዬ። “ተምር አማረኝ ብዬ?”

አባቴ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ያለው ግን ደረሰ። ከዒድ በኋላ ከሲሚንቶ የተሠሩ፣ መካከለኛውን ልብስ ብቻ የያዙ ከረጢቶች ይዘን ሐጅ ኑሩ ሱቅ ሄድን። ሐጁ ከመቀመጫቸው ተነስተው ተቀበሉን፣ የአሊን ጤና ጠየቁ፣ ውሃ አስመጡልን። ከረጢቶቹን ግን አልነኩም። ሰው እጄን እያየ ነው የሚገዛኝ ዘይነባ፣ አሏት፤ በአንቺ ከረጢት ሳደርግለት በፌስታል አድርጉልኝ ይላል። እትዬ ገባኝ አለች። ከረጢቶቹን መልሰን ቤት ወሰድናቸው፣ በርሜሉ ውስጥ ነከርናቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ ስወቅጥ ሰነበትኩ፤ ያን ያህል ጎድጓዳ ዕቃ የሚገዛ ግን አልነበረም።

ትምህርት ሲዘጋ ወደ ጀውሃ ተመለስኩ፣ ከዚያም በኋላ እዚያው ቀረሁ። እትዬ ለሽንኩርት ነጋዴዎች ማዳበሪያ እያጠበችና እየጣፈች ኖረች። ሮቢ ወንዝ ዳር ቁጭ ብላ ትፈትጋቸዋለች፣ ድንጋይ ላይ ታሰጣቸዋለች፣ ቀዳዳቸውን ትሰፋለች። በሚቀጥለው ዓመት የመስኖ ዘር ሲታደል ከሰፋቻቸው መካከል ደህና ደህናዎቹን ተሸክማ መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጠች። ዘሩን ማዳበሪያ ውስጥ ገልብጦ ባዶውን የወረቀት ከረጢት ለቤቱ ዱቄት መያዣ ሊወስድ ላለ ገበሬ ሁሉ፣ ያንን ስጠኝና በእሱ ምትክ ይህን ጠንካራውን ማዳበሪያ ውሰድ ትለው ነበር። የተቀበለቻቸውን እቤት ወስዳ ከጓሮው ርቃ በቆፈረችው ጉድጓድ ትቀብራቸዋለች። ጉልበቷ እስኪደክም በየዓመቱ እንዲሁ አደረገች። ጉድጓዱ ሲሞላ አፈር አልብሳው፣ አጠገቡ ሌላ ቆፈረች።